ያልተለካው የዳሃቦ ግቢ

አዴ ዳሃቦ ግቢዋ ውስጥ አንድም ጂኦፎን እንዳይተከል ስትከለክል እኔ እዚያ አልነበርኩም። ብኖር ኖሮ እንጨቃጨቅ ነበር። ተሸንፌም ሊሆን ይችላል የምመለሰው፤ ቢያንስ ግን በምን እንደተሸነፍኩ አውቅ ነበር። የመስክ ቡድኑ አልተጨቃጨቀም። ገመዱን በአጥሯ ዞሮ፣ ግቢዋን ባዶ ትቶ፣ በወዲያኛው በኩል ሥራውን ቀጠለ። ከጀልዴሳ ወደ ቢሮ የመጣልኝ ዳታ መሃሉ ላይ የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ነበር የሚመስለው።

ጂኦፎን ማለት ሥሩ ላይ ሹል ብረት ያለው፣ ከሻይ ብርጭቆ የማይበልጥ የመሬት ማዳመጫ ነው። ብዙዎቹን በአንድ መስመር መሬት ላይ እንሰካና አንድ ጉልበተኛ ሰው በትልቅ መዶሻ የብረት ሰሌዳ ይመታል። ንዝረቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠንካራ አለት ሲያገኝ ይመለሳል። እያንዳንዱ ጂኦፎን የሰማውን በአንድ ቀጭን የተንቀጠቀጠ መስመር ያስቀምጣል፤ ያንን መስመር ትሬስ እንለዋለን። ትሬሶቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አለቱ የት እንደጠለቀ፣ ውሃ የሚይዘው ጠጠር የት እንደወፈረ ይታያል። ጠጠሩ የወፈረበት ይቆፈራል። የእኛ ሥራ ይኸው ነው።

ጋሼ ጉግሳ ድሬ ከተማ፣ ከዚራ ሠፈር ያለው ትንሽ ቢሯችን ኃላፊ ነው። «ናቸው» ሳልል «ነው» የምለው ስለማላከብረው አይደለም፤ እኛ ከተማ ሰውን አንቱ የምንለው ስናኮርፈው ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር መሃሉ የተቋረጠ መስመር ማየት አይወድም።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ፣ ስክሪኑ ላይ ባዶውን ቦታ በጣቱ እየነካ።

«የአዴ ዳሃቦ ግቢ።»

«ሙይዋ።»

«በምን?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? ዩኒቨርስቲ የላኩሽ ለዚህ አይደል? ሐሙስ የቁፋሮ ማሽኑ፣ ሪጉ ይገባል። የቁፋሮው ሰዎች ፊት እንዲህ ያለ ነገር ዘርግቼ ልቆም ነው?»

መሙላትስ ይሞላል። ሶፍትዌሩ ከባዶው ግራና ቀኝ ያሉትን ትሬሶች ያይና፣ መሃል ላይ የነበረውም እነሱን መምሰል አለበት ብሎ ይገምታል። የጎደለው ጥቂት ከሆነ ጥሩ ይሠራል። ጎን ለጎን ብዙ ሲጎድል ግን «አላውቅም» አይልም፤ ሙሉ ልብ ይዞ ይዋሻል። በዚህ ጠባዩ ሠፈሬን ገንደ ቆሬን ይመስላል። አንድ ሰው ጠዋት ሻንጣ ይዞ ወጥቶ ማታ ያለ ሻንጣ ከተመለሰ፣ መሃሉን ጎረቤት ይሞላዋል። ሲያልቅ ስፌቱ እንኳ አይታይም።

ሞላሁት። በሁለቱም በኩል አለቱ ወደ ግቢው ሲጠጋ ቁልቁል እየወረደ ስለነበር ሶፍትዌሩም መውረዱን ቀጠለበት። ያማረ ጎድጓዳ ወጣው። ውሃ ያዘለውን ጠጠር የምንቀባበት ሰማያዊ ቀለም ልክ በአዴ ዳሃቦ የፍየል በረት ሥር ወፍሮ ተኛ። የተገመተውን ክፍል በግራጫ ሸፍኜ «አልተለካም» ብዬ ልጽፍበት ነበር። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ስመለስ ግን ጋሼ ጉግሳ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለጀልዴሳ ቀበሌ ሊቀመንበር ልኮታል።

«ለምን ላክኸው?»

«ያምራላ።»

«ግምት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ሰማያዊ ነው» አለኝ።

ጀልዴሳ ኔትወርክ የለም ሲሉኝ አምን ነበር። ፎቶው ግን ከቀትር በፊት ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ዘንድ ደረሰ፤ ስልክ የሌለውም በጎረቤቱ ስልክ አየው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰውዬ ቢሮ ገባ። ጫማው አቧራ ነው፤ ሽርጡ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው የመጣው።

«ፋርሂያ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ አብቲ።»

«ዒልሚ እባላለሁ። የዳሃቦ ጎረቤት ነኝ፤ አጥር ነው የሚለየን።» አልተቀመጠም። «ልጆቻችሁ መጥተው ግቢዬን በምስማር ጠቀጠቁት። በሽንኩርቴ መሃል ገመድ ጎተቱ። ዝም አልኩ። ሻይም አፈላሁላቸው። የሷን ግቢ ግን አልነካችሁም። ነው አይደለም?»

«ነው።»

«ወላሂ ለመጣላት አልመጣሁም፣ እንዲገባኝ ነው። የተለካው ሳይገኝበት ያልተለካው ላይ ውሃ በምን ተገኘ?»

በሩ ላይ ቆሞ መልስ ጠበቀ። ጋሼ ጉግሳ ድንገት ስልክ የተደወለለት መሰለና ወጣ። እኔም እንደማጣራ ነግሬ ሸኘሁት። ማጣራት የምንለው መልስ ስናጣ መሆኑን ዒልሚ የሚያውቅ ይመስላል፤ ሲወጣ በሩን አልዘጋውም።

ከዚያ ሶፍትዌሩን ፈተንኩት። በደንብ ከተለካ ቦታ ላይ ያንኑ ያህል ትሬስ ደበቅሁና ሙላ አልኩት፤ የሞላውንም ከእውነተኛው ጋር አስተያየሁ። አንደኛው ቦታ ላይ በደንብ ገመተ። ሌላኛው ላይ እውነተኛው አለት ጉብታ ሠርቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእሱ ግን ምንም እንዳልነበረ ቀጥ ብሎ አለፈ። ጉብታውን ዋጠው።

«ከሁለት አንዴ ይሳሳታል» አልኩት ጋሼ ጉግሳን።

«እንግዲያው ከሁለት አንዴ ልክ ነዋ።»

«ሪጉ ስንት ጉድጓድ ነው የሚቆፍረው?»

አንድ ነው። በጀቱ የአንድ ጉድጓድ ነው። ያ አንዱ ደረቅ ከሆነ ሪጉ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል፤ ጀልዴሳ ከወረፋው መጨረሻ ትሰለፋለች፤ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው የወንዝ አሸዋ ሲምሱ ሌላ ዓመት ያልፋል።

«እርስዎ ይፈርሙበት እንግዲህ» አልኩት።

አንቱታዬን ሲሰማ ኮቱን አነሳ። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አለ።

ሾፌራችን አብዲራህማን ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይነዳል፤ መኪናውንም እንደዚያው ነው የሚነዳው። ረቡዕ ገና ፀሐይ ሳትከር ጀልዴሳ አደረሰን። አዴ ዳሃቦን ያገኘናት ግቢዋ ያለው ግራር ሥር ተቀምጣ የውሃ ወረፋ ስትደለድል ነው። ገና ያልተቆፈረ ጉድጓድ ወረፋ። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀዳ ጨርሳለች፤ ዒልሚ መጨረሻ ነው። ፍየሎቹን ከበረቱ አስወጥታ ቦታውን አስጠርጋዋለች።

«የውሃዬ እናት መጣች» አለችኝ እጄን ይዛ። «ገና ልጅ ነሽ እንዴ?»

«አዴ፣ ግቢሽን ልንለካ ነው የመጣነው።»

«ለካችሁት እኮ።»

«አልለካነውም። ከለከልሽና ተመለሱ።»

«ያኔማ መሬቴን ልትወስዱ መስሎኝ ነዋ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ውሃዬን ልትወስዱ ነው።» ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ። «ይኸው። ይህን ያህል ሰማያዊ። አሁን ለክታችሁት ቢጠፋስ?»

«በመለካት አይጠፋም። ካለ አለ፤ ከሌለም የለም።»

«ሳትለኩት አለ። ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

ችኮላ ስድብ የሆነበት አገር ተወልጄ ነው ያደግሁት፤ እስካሁን አልለመድኩትም። ዙሪያዬን ሳይ ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ በረቱ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ታላቁና ታናሹ እንደ መብራት እንጨት የረዘሙ ናቸው። መሃከለኛው አብሺር ብብታቸው ድረስ ነው፤ ትከሻው ግን የሁለቱን ያህል ይሰፋል።

«አብሺር፣ እስቲ መኪናው ኋላ ሂድልኝ» አልኩት።

ሄደ። የት ደረሰ እስኪባል ድረስ ሙሉ በሙሉ ተሰወረ።

«አብዲራህማን፣ አንተ ይሄን ቤተሰብ አታውቅም እንበል። ከነዚህ ከሁለቱ መሃል አንድ ወንድም ጎድሏል። ምን ያህል ይሆናል?»

አብዲራህማን ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አያቸው። እጁን ከራሱ በላይ ዘረጋ። «እዚህ ድረስ። ምናልባት ትንሽ ጎንበስ የሚል።»

«አብሺር፣ ና።»

አብሺር ብቅ አለ። ግራሩ ሥር የተቀመጠው ሰው በሙሉ ሳቀ። ወንድሞቹም ሳቁ። «ሁልጊዜ በኔ ነው» አለ አብሺር፣ ሳይከፋው።

«የእኛ ማሽን ያደረገው ይህንኑ ነው» አልኩ። «ከአጥርሽ ወዲህና ወዲያ ያለውን አየ፤ መሃሉም እንደነሱ ነው አለ። ግቢሽን አላየም።»

አዴ ዳሃቦ አልሳቀችም። «ግቢዬ አብሺር ነው እያልሽኝ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ሳላይ አላውቅም።»

«አብሺር ምን ጎደለው?»

«ምንም። እኔ ያልኩት—»

«የዚህን ልጅ ጉልበት አይተሻል? አንድ ኩንታል ማሽላ በአንድ እጁ የሚያነሳ ነው። ምን ጎደለው ነው የምልሽ?»

ጨዋታው ተበላሸ። ጋሼ ጉግሳ በዓይኑ «እሰይ፣ የተማረ» አለኝ። ያዳነን አብዲራህማን ነው፤ ማንንም ለማዳን አስቦ ሳይሆን ጫቱን በጊዜ ተቀምጦ መቃም ፈልጎ።

«አዴ ዳሃቦ» አለ፣ «ስንመጣ በኸባብ ደረቅ በኩል አለፍን።»

በዚያ አገር ጉድጓድ በሰው ስም ይጠራል፤ ደረቅ ጉድጓድም እንዲሁ። ኸባብ የሚባለው ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቹም ወደ ከተማ ገብተዋል። በእሱ መሬት ላይ ተቆፍሮ አቧራ ብቻ ያወጣው ጉድጓድ ግን ተደፍኖም ስሙን አልለቀቀውም። እስከ ዛሬ የግመል ነጂዎቹ «የኸባብ ደረቅ ጋ እንገናኝ» ይባባላሉ።

«ሰውዬው ደግ ነበር ይባላል» አለ አብዲራህማን። «ደግነቱን የሚያስታውስ የለም እንጂ።»

አዴ ዳሃቦ ስልኳን አየች፤ ከዚያ በረቱን፤ ከዚያ ወረፋ የደለደለችላቸውን ሰዎች። «የዳሃቦ ደረቅ» የሚለውን በልቧ ስትለው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ባለፈው እንዴት ነው የመጣችሁት?» አለች በመጨረሻ። «ሱሪያቸውን የጠቀለሉ ጎረምሶች፣ ምስማር በከረጢት ይዘው። ሰላም እንኳን ሳይሉኝ ‹እማማ፣ ዞር በይ›። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል። መሬት ከልጅ ያንሳል? በሥርዓት ጠይቁኝ።»

«እሺ። መቼ?» አልኩ።

«ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል፤ አስብበታለሁ እላለሁ። በሳምንቱ ይመጣል፤ አጎቶቹን ልጠይቅ እላለሁ። ከዚያ በሳምንቱ ደግሞ—»

«አዴ፣ ሪጉ ነገ ነው የሚገባው።»

«እሱን ማን አጣደፈው?»

ሽማግሌ አቋቋምን። ጋሼ ጉግሳ ኮት አለው፤ ሽበትም አለው። አብዲራህማን ከሰው በትር ተዋሰ። «ሁለት ሰው ሽማግሌ አይባልም» አለች አዴ ዳሃቦ፤ «ደግሞ አንዱ ጎረቤት መሆን አለበት።» ዒልሚ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሁሉንም ሲሰማ ነበር፤ ሳይጠራ መጣ። የሚፈልገው እንድትለካ ነዋ። ነጭ ኮፍያውን አደረገ። ጫት ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹ ጫቱን ፊቷ ያኖሩታል፤ እስሩን ከፈታችው እሺ ማለት ነው። አብዲራህማን ጠዋት ከጫት ተራ ለራሱ የገዛውን ከመቀመጫው ሥር አወጣ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን የእውነት ነበር።

ሦስቱም ፊቷ ቆሙ። አይቀመጡም፤ መልስ ሳያገኝ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ጋሼ ጉግሳ ስለ ድርጅታችን ንግግር ሲጀምር ዒልሚ በክርኑ ገፋው።

«ዳሃቦ» አለ ዒልሚ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ። «አጥሩ የኔና ያንቺ ነው፤ ጥማቱ ግን የሁላችን ነው። ዛሬ በሩን የዘጋ ነገ በማን በር ያልፋል? ለሰው የተከፈተ ግቢ ጠቦ አያውቅም። መሬትሽን ለአንድ ቀን ስጪን።»

ሰዉ «ማሻአላህ» አለ። ዒልሚ ራሱም ተገረመ፤ እንዲህ መናገር እንደሚችል ያወቀው ያኔ ይመስለኛል።

«ጥሩ ተናገርክ» አለች አዴ ዳሃቦ። «አስብበታለሁ። ሂዱና ተመለሱ።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «አዴ፣ የት ድረስ ሲሄዱ ነው ሄዱ የሚባለው?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዴ ዳሃቦ ጥያቄውን በቁም ነገር ያዘችው፤ እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም መሰለኝ።

«እስከማይታዩ ድረስ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጫታቸውን ይዘው ወጡ፤ በዒልሚ ግድግዳ ኋላ ተሰወሩ። ትንሽ ቆይተው ላባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። ዒልሚ ንግግሩን ደገመው፤ በዚህኛው ላይ የነቢዩ ኢብራሂምን እንግዳ ተቀባይነት ጨመረበት። «አጎቶቹን ልጠይቅ» አለች። ከወረፋተኞቹ መሃል የተቀመጠውን ወንድሟን ዞራ «ዋሪያ፣ ምን ትላለህ?» አለችው። ገና መልስ ሲያስብ «ሂዱና ተመለሱ» አለች። እንደገና ሄዱ። ሦስተኛ ሲመጡ ጋሼ ጉግሳ ኮቱን በክንዱ ይዞታል፤ አብዲራህማን በበትሩ የምር ተደግፏል፤ ዒልሚ ግን ገና እየጣመው ነው፤ ለአራተኛም የሚበቃ ንግግር አለው።

አዴ ዳሃቦ ጎንበስ ብላ የጫቱን እስር ፈታች።

የተፈታ ጫት ደግሞ ይቃማል እንጂ አይጠቀለልም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ጎረቤቱም የየራሱን ጫት ይዞ መጣ፤ ወረፋተኛውም አልተነሳም። እኔ ጂኦፎኖቹን ብቻዬን በረቱ ላይ፣ ደጁ ላይ፣ አጥሩ ሥር ስተክል ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። መዶሻ የሚመታልኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ቡድኑ ድሬ ቀርቷል።

«እኔ አለሁ» አለ አብሺር። «ጥርሴን ስለሚያመኝ አልቅምም።»

ጂኦፎን የሚጠላው እርምጃ ነው። ሰው ሲያልፍ፣ ፍየል ሲሮጥ፣ ልጆች ኳስ ሲመቱ ሁሉንም ይሰማል፤ የምንፈልገውን ትንሽ ድምፅ ይቀብርብናል። በርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት መቃም፣ የሥራ ጠላት ነው የሚለውን ስብከት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ራሴም ሰብኬአለሁ። ያን ቀን ከሰዓት ግን ምርቃና የገባው ሰው ሁሉ ግራሩ ሥር ዓይኑን ሩቅ ተክሎ ተቀመጠ። እግር የሚያንቀሳቅስ የለም። የአብሺር መዶሻ ብቻ ነበር የሚሰማው። እንደዚያ ንጹሕ ዳታ ቀድቼ አላውቅም።

መሃል ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ቱሪያ ናት።

«አብሺር የሚባለው ማነው?» አለችኝ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«መዶሻ እየመታልኝ ያለ ሰው ነው።»

«ጀልዴሳ ሽማግሌ ገብቷል አሉ። ጫት ተፈትቷል አሉ። አንቺ እዚያው ነበርሽ አሉ።»

«ሦስቱም እውነት ነው።»

«እና?»

«እናማ የተጠየቀው መሬት ነው፣ እማ።»

«እሺ መሬቱስ ይሁን። ልጁ አጭር ነው አሉ። ምን ያህል አጭር?»

ዘጋሁት። ግራና ቀኙን አግኝታለች፤ መሃሉን እኔ ብናገርም ባልናገርም ትሞላዋለች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መኪናው ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዲሶቹን ትሬሶች ባዶው ላይ አስገባሁ። ባዶው ጠፋ። ጎድጓዳውም አብሮ ጠፋ። አለቱ እስከ አጥሩ ድረስ ቁልቁል ወርዶ፣ ግቢዋ ውስጥ ሲገባ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ በረቱ ሥር ጠጠሩ ከስስ ንጣፍ አይበልጥም። በወዲያኛው አጥር እንደገና ይወርዳል። እዚያ በረት ላይ ብንቆፍር አቧራ ነበር የምናወጣው።

በመስኮቱ የሚያየው አብዲራህማን «አብሺር» አለ፣ በጣቱ ጉብታውን እየነካ።

አዴ ዳሃቦ መጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ሰማያዊው ወዴት ሄደ?»

«መጀመሪያም አልነበረም፣ አዴ። ወፍራሙ ያለው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ዒልሚ ጋ።»

«ስሜ ግን ዳነ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ወረፋተኞቹ ተመለሰች።

«ብያለሁ!» አለ ዒልሚ፣ ገና ከምርቃናው ሳይወርድ። «የተለካ የተለካ ነው ብያለሁ። በትክክል የት ነው?»

አብረን ሄድን። ቦታውን ፈልጌ እንጨት ተከልኩ። ሽንኩርቱ መሃል ነው፤ ለምለም፣ በመስመር የተተከለ፣ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሽንኩርት። ዒልሚ እንጨቱን አየ። ያኔ ከግጦሽ የተመለሰ የግመል መንጋ አቧራውን እያስነሳ በመንገዱ ሲያልፍ ነበር። መንጋውንም አየ።

«ጉድጓዱ የሕዝብ ነው አይደል?» አለኝ።

«የሕዝብ ነው።»

«ግመሎቹስ በየት በኩል ገብተው ይጠጣሉ?»

«በዚህ በኩል ነዋ።»

«የሁሉም ሰው ግመል?»

«የሁሉም።»

ዒልሚ ነጭ ኮፍያውን አወለቀ። «አስብበታለሁ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ስንደርስ ሪጉ ዒልሚ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ በሩ ግን ተዘግቷል። የሪጉ ኃላፊ ቦታ ካልተሰጠው ወደሚቀጥለው ቀበሌ እንደሚሄድ፣ ለማንም ሽንኩርት እንደማይቆም ነገረን። ጋሼ ጉግሳ ስለ ልማት በበሩ ቀዳዳ ሊያስረዳ ሞከረ። እኔ አጥሩን ለመዝለል ቁመቱን እየለካሁ ሳለ አዴ ዳሃቦ መጣች። ጥሩ ልብሷን ለብሳለች። በእጇ የጫት እስር ይዛለች። አብሺር ከኋላዋ ነው።

«ዒልሚ፣ ክፈት። ሽማግሌ ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። ለሽማግሌ በር አይዘጋም።

«ሴት ሽማግሌ ሆና ታውቃለች?» አለ ዒልሚ።

«መሬትስ ታጭቶ ያውቃል?» አለች። ጫቱን እግሩ ሥር አስቀመጠች፤ ድምፅዋን ወፈር አደረገች። «ዒልሚ፣ አጥሩ የኔና ያንተ ነው፤ ጥማቱ ግን የሁላችን ነው። ዛሬ በሩን የዘጋ ነገ በማን በር ያልፋል? ለሰው የተከፈተ ግቢ ጠቦ አያውቅም።»

ከውጭ የቆመው ሰው «ማሻአላህ» አለ፤ ከትናንቱ ይልቅ ሞቅ አድርጎ። ዒልሚ የራሱን ንግግር አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«የኢብራሂምንም ልጨምር?» አለችው።

«ተይው።» ሽንኩርቱን አየ። «አስብበታለሁ፣ ዳሃቦ። ሥርዓት ሥርዓት ነው። ሂጂና ተመለሺ።»

«እስከማልታይ ድረስ?»

«እስከማትታዪ።»

«ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈነ። ትልቅ ሴት ጨፍን ስትለው ሌላ ምን ያደርጋል።

«እታያለሁ?»

«አትታዪም።»

«ተመለስኩ። ክፈት። አጎቶቹን ልጠይቅ በል።»

«አጎቶቹን ልጠይቅ።»

«ጨፍን።»

የሪጉ ሰዎች ሳይቀሩ እየሳቁ ነበር። ዒልሚ ለሁለተኛ ጊዜ ዓይኑን ሲከፍት የራሱንም ሳቅ መያዝ አቅቶት፣ ቁጢጥ ብሎ እስሩን ፈታ። ከመፍታቱ በፊት ግን ሁለት ነገር አስምሏታል፦ አብሺር ሽንኩርቱን ሳይበላሽ ነቅሎ እንዲያነሳለት፤ እሱም ከወረፋው መጨረሻ እንዲነሳ። ሁለተኛው ላይ ተከራከሩ። ከሷ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። አንደኛ ለምን እሷ እንደሆነች ሲጠይቅ፣ «እኔ ባልሰጥ ያንተን ማን ያውቀው ነበር» አለችው።

ሪጉ ከሰዓቱን በሙሉ ሲያጓራ ዋለ። ሊመሽ ሲል ከቱቦው አፍ መጀመሪያ አቧራ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ጭቃና ውሃ ተፋ። ድንገት እልልታው ቀለጠ። ዒልሚ እግሩ ሥር የሚፈሰውን እያየ የትኛው መደብ እንደተረፈ ይቆጥራል። አዴ ዳሃቦ ጀሪካኗን ከፊት አስቀምጣለች፤ ውሃው እስኪጠራ ሊቆይ እንደሚችል ብነግራትም ቦታዋን አልለቀቀችም።

ጋሼ ጉግሳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ።

«ይሄንን ላክ» አልኩት።

ስክሪኑን ትንሽ አራቅ አድርጎ አየው፤ ጭቃ የለበሰ ቱቦ፣ ቡናማ ውሃ፣ የተረገጠ ሽንኩርት።

«ያኛው ነበር የሚያምረው» አለ።